ከቀዶ ጥገናው ማግሥት፦ ኮልፌ ላይ የተጠነሰሰው ሙያ

በ1926 ዓ.ም. አዲስ አበባ በምዕራብ በኩል ቶሎ ታልቅ ነበር። ዛሬ ቀለበት መንገዱ የሚያልፍበት፣ የታክሲ ረዳቶች «ዘነበወርቅ፣ አየር ጤና» እያሉ የሚጣሩበት አካባቢ ያኔ ከከተማው ውጭ የነበረ መስክ ነው። አሜሪካዊው ሐኪም ዶክተር ቶማስ ላምቢና የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን ባልደረቦቻቸው በዚህ፣ ዛሬ ኮልፌ ቀራንዮ ውስጥ በሚገኘው መስክ ላይ የሥጋ ደዌ ሕሙማን የሚታከሙበት ሆስፒታል ከፈቱ። ሆስፒታሉም ገና በለጋ ዕድሜያቸው ባረፉት በንጉሠ ነገሥቱ ልጅ፣ በልዕልት ዘነበወርቅ ስም ተጠራ። ሕሙማኑ ከሰው እንዲርቁ ይፈለግ ስለነበር ርቀቱ ማንንም ቅር አላለውም። ከየገጠሩ ቤታቸውን ጥለው የመጡ፣ ከትዳራቸው የተፋቱ፣ ከርስታቸው የተነቀሉ ሰዎች በሆስፒታሉ ዙሪያ ጎጆ ቀለሱ። ሰፈሩም በልዕልቲቱ ስም እየተጠራ እስከ ዛሬ ዘለቀ።

በዚያው ዘመን ከውቅያኖስ ማዶ፣ ቦስተን ውስጥ ሐርቪ ኩሺንግ የሚባል ቀዶ ሐኪም የሙያ ዘመኑን እያገባደደ ነበር። ኩሺንግ እ.ኤ.አ. በ1931 ሁለት ሺኛውን የአንጎል ዕጢ ቀዶ ጥገና አድርጓል። ከታካሚዎቹ አንዱ ጄኔራል ሌናርድ ዉድ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1910 ከራስ ቅላቸው ሥር ዕጢ ወጣላቸው፤ ከዚያም የአሜሪካ ጦር ሠራዊት ኤታማዦር ሹም ሆነው ሠሩ፣ በኋላም የፊሊፒንስ ገዥ ሆነው ተሾሙ። ዕጢው ተመልሶ ሲያድግ በ1927 ዳግመኛ ቀዶ ጥገና ተደርጎላቸው አረፉ። በሁለቱ ቀዶ ጥገናዎች መካከል 17 ዓመት አለ። እኚህ ሰው በእነዚህ 17 ዓመታት ግራ እግራቸው እየደከመ ኖረዋል፣ ሠርተዋል፣ አዝዘዋል። የአንጎል ዕጢ ያለበት ጎልማሳ ከሞትና ከፍጹም ፈውስ መካከል የሚኖረው ረጅም ሕይወት እንዳለ ከመሰከሩ የመጀመሪያ ታሪኮች አንዱ የእሳቸው ነው ብዬ አምናለሁ። የዚህ ጽሑፍም ጉዳይ ያ የመካከል ዘመን ነው።

በእኛ አገር ያኔ ዕጢው ስም እንኳ አልነበረውም። ጠዋት ጠዋት የሚብስ ራስ ምታትና ትውከት ምች ነው ተብሎ ዳማከሴ ይታሽለታል። የሚጥለው ሰው ጠበል ይወሰዳል። ዐይኑ ቀስ በቀስ የጠፋበት ደግሞ እጣ ፈንታውን ተቀብሎ በልጅ እየተመራ ይኖራል። ራስ ቅል ከፍቶ ዕጢ የሚያወጣ እጅ በአገሩ አልነበረም። ሆኖም ከቀዶ ጥገናው በኋላ የሚያስፈልገው ሙያ፣ የደከመን እጅ መልሶ የማሠልጠን ሙያ፣ ከነርቭ ቀዶ ሕክምና ሥልጠና አርባ ዓመት ቀድሞ ኮልፌ ደርሷል። ይዞት የመጣውም የሥጋ ደዌ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው በደቡብ ሕንድ በቬሎር ነው። እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ፖል ብራንድ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግሥት ወደዚያ ሄደው የሥጋ ደዌ ሕሙማንን እጆች አንድ በአንድ መረመሩ። ሰው ሁሉ ጣቶቹ በበሽታው በስብሰው የሚወድቁ ይመስለው ነበር። ብራንድ ያገኙት ሌላ ነው። በሽታው ነርቩን ይገድላል፤ ነርቩ ሲሞት ሕመም የሚባል ስሜት ይጠፋል፤ ሕመም የጠፋበት እጅ የጋለ ድስት ያነሳል፣ በሚስማር ይወጋል፣ ሲቆስልም ባለቤቱ አያውቅም። ስለዚህ ሁለት ሥራ ጀመሩ። የመጀመሪያው የተኮራመተውን እጅ በቀዶ ጥገና ማቃናት፣ ሁለተኛው ባለቤቱ እጁን በዐይኑ እንዲጠብቅ ማስተማር ነው።

ቀዶ ጥገናው ራሱ ቆም ብሎ ማየት የሚገባው ነገር አለው። አውራ ጣት ነርቩ ሞቶ ከሌሎቹ ጣቶች ፊት ለፊት መግጠም ሲያቅተው፣ ሐኪሙ የቀለበት ጣትን ከሚያጥፉት ሁለት ጅማቶች አንዱን ቆርጦ፣ በእጅ አንጓ በኩል አዙሮ ከአውራ ጣት ላይ ይሰፋዋል። ቁስሉ በጥቂት ሳምንታት ይድናል። እጁ ግን ገና አይሠራም፤ አንጎል ያንን ጡንቻ የሚያውቀው በቀለበት ጣት አዛዥነቱ ነውና። ታካሚው ጠረጴዛ ፊት ተቀምጦ «የቀለበት ጣቴን ላጥፍ» ብሎ ሲያስብ አውራ ጣቱ ይንቀሳቀሳል። ይህን በቀን ብዙ ጊዜ ይደጋግማል። ሳምንት አልፎ ሳምንት ሲተካ «የቀለበት ጣት» የሚለው ሐሳብ ይረሳና አውራ ጣት በራሱ ስም ይታዘዛል። ባለሙያው የሚያሠለጥነው እጁን ይመስላል፤ እውነተኛው ሠልጣኝ ግን አንጎል ነው። ኮልፌ ላይ የተጠነሰሰው ሙያ ይህ ነው የምለውም ለዚህ ነው።

በታኅሣሥ 1958 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ ሁለት የሥጋ ደዌ በጎ አድራጎት ድርጅቶችና የዓለም አቀፉ የአካል ጉዳተኞች ተሃድሶ ማኅበር በአንድ ላይ ሆነው የዘነበወርቅን ሆስፒታል የመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌና የተሃድሶ ማሠልጠኛ ማዕከል አደረጉት። በእንግሊዝኛ ምኅጻሩ አለርት ተባለ። ተሃድሶ ከመጀመሪያው ቀን በስሙ ውስጥ ነበረ። ከአፍሪካ አገሮች ሐኪሞችና የጤና ሠራተኞች እየመጡ ሠለጠኑበት። የብራንድ አስተሳሰብ፣ ማለትም ቀዶ ሐኪም፣ ፊዚዮቴራፒስትና ጫማ ሠሪ በአንድ ታካሚ ዙሪያ አብረው ይቁሙ የሚለው፣ የግቢው የዕለት ሥራ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1970 ደግሞ የኖርዌይና የስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች በእርዳታ ያቋቋሙት የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም እዚያው ግቢ ተከፈተ።

የዚያን ጊዜውን ሥራ በቅርብ ላሳይ። ጠዋት ታካሚው እጁንና እግሩን ውኃ ውስጥ ይነክራል። የደረቀው ቆዳ ሲረጥብ በቅባት ይታሻል፤ ላብ የማያወጣ ቆዳ ካልታሸ ይሰነጠቃልና። ከዚያ የታጠፉትን ጣቶች በሌላው እጁ መዳፍ እያቃና ይዘረጋል። እግሩ ተንጠልጥሎ ከመሬት ለሚጎተትበት፣ ጣቱ ከድንጋይ እንዳይጋጭ ቁርጭምጭሚቱን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ መደገፊያ ይሠራለታል። የጫማው ሶል ለስላሳ ላስቲክ ነው፤ ልኩም በጫማ ሱቅ መጠን ሳይሆን በእሱ በራሱ እግር ይወሰዳል። ማታ ሲሆን እግሩን አንሥቶ ከሥር ከላይ ይመለከታል፤ ቀይ ቦታ፣ ውኃ የቋጠረ፣ የገባ እሾህ ይፈልጋል። ማየት ካልቻለ ሚስቱ ወይም ልጁ ታይለታለች። ይህን የሚያስተምሩ የፊዚዮቴራፒ ቴክኒሻኖች እዚያው ይሠለጥኑ ነበር።

ዐይንም አለ። የሥጋ ደዌ የፊትን ነርቭ ሲነካ የዐይን ሽፋን አይገጥምም። ሰውየው እንቅልፍ ላይ ሆኖ እንኳ ዐይኑ ገርበብ ይላል። ብሌኑ ይደርቃል፣ አቧራ ይገባበታል፣ ይቆስላል፣ በመጨረሻም ይታወራል። መፍትሔው በየሰዓቱ አስቦ መጨፈን፣ ጠብታ ማድረግ፣ ማታ መሸፈን፣ ሲከፋም የማኘኪያ ጡንቻን ከፊል ወደ ዐይን ሽፋን በቀዶ ጥገና ማዞር ነው። ይህን የምተርከው ያለ ምክንያት አይደለም። የመስሚያ ነርቭ ላይ የሚበቅል ዕጢ ሲወጣ ከጎኑ የሚያልፈው የፊት ነርቭ ከተጎዳ ታካሚው በትክክል በዚሁ ችግር ላይ ይወድቃል፤ ዐይኑ አይከደንም። የአንጎል ዕጢ ተሠርቶለት እግሩ ተንጠልጥሎ የቀረ ሰው የሚያስፈልገው መደገፊያም በዓላማው ከአለርት ወርክሾፕ ከሚወጣው አይለይም። ግማሽ አካሉ ስሜት ያጣ ሰው እንዳይቃጠል የሚማረው የማታ ምርመራም ዘነበወርቅ ላይ ሕሙማኑ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት የተማሩት ነው።

ያ ዘመን ለተሃድሶ መልካም ዘመን ነበር። ከከተማው በስተ ምዕራብ በመናገሻ፣ የቼሻየር ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ በፖሊዮ ለተጎዱ ልጆች ቤት ከፍቶ ነበር። በ1960ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ የአካል ጉዳተኞች ተሃድሶ ድርጅት በመንግሥት ተቋቋመ። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታልም በሩን ከፈተ። በውጭው ዓለም ደግሞ ሁለት ነገሮች ሆኑ፤ ሁለቱም ያለ ግርግር ያለፉ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1961 ሚኒሶታ ውስጥ ጋሊሲችና ፍሬንች የተባሉ ሐኪሞች ዴክሳሜታዞን የሚባለው መድኃኒት በዕጢ ዙሪያ ያበጠውን አንጎል በሰዓታት ውስጥ እንደሚያሟሽሽ አሳዩ። ራሱን የሳተ ሰው ተነሥቶ መናገር ጀመረ። በ1969 ደግሞ ኸርበርት ዲትዝ የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም የካንሰር ታካሚ ተሃድሶ ይገባዋል ብለው ጻፉ። ዲትዝ ግቡን እንደ ታካሚው ሁኔታ ለዩት። አንዱን ጉዳት ሳይደርስበት መከላከል፣ ሌላውን ወደ ቀድሞ ሥራው መመለስ፣ ሦስተኛውን ጉዳቱ እያለም ራሱን እንዲችል መደገፍ፣ የመጨረሻውን ሕይወቱ እያለቀም ሳይሠቃይ በክብር እንዲኖር መርዳት። ከዚህ በፊት ካንሰር ያለበትን ሰው ማሠልጠን ጊዜ ማባከን ይመስል ነበር። ይህ አስተሳሰብ በብዙ ሐኪሞች ዘንድ ዛሬም አልሞተም።

ዓመታቱ በአብዮት፣ በጦርነትና በድርቅ አለፉ። እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ በርካታ መድኃኒቶችን አቀናጅቶ የሚሰጠው የሥጋ ደዌ ሕክምና በአገራችን ሲጀመር በሽታው እየቀነሰ ሄደ። አለርትም በጊዜ ብዛት የቆዳ፣ የዐይን፣ የአደጋና የሌሎች ሕክምናዎች ሆስፒታል ሆነ። በግቢው የሚሠራው ጥልፍና ሽመና ግን ቀጠለ፤ ብዙ ሰው የሚያውቀው በዚሁ ነው። ጣታቸው የጎደለ እናቶች መርፌ ይዘው የሚያወጡት ጥልፍ የተሃድሶ ሕክምና መጨረሻው ደመወዝ መሆኑን ያሳያል።

በ1990 ዓ.ም. አካባቢ ጥቁር አንበሳ የኮባልት ጨረር ሕክምና ጀመረ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት በመላ አገሪቱ ጨረር የሚሰጥ ሌላ ቦታ አልነበረም፤ ወረፋውን ያየ ያውቀዋል። በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፊዚዮቴራፒን በዲግሪ ማስተማር ጀመረ። ይህ ትልቅ እርምጃ ነበር። ቀድሞ በአጭር ሥልጠናና በውጭ አገር ባለሙያ ይሠራ የነበረው ሥራ ለመጀመሪያ ጊዜ በአገር ውስጥ በዲግሪ የተማረ የራሱ ባለሙያ አገኘ።

ከዚያም እ.ኤ.አ. በ2006 የነርቭ ቀዶ ሕክምና ትምህርት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተጀመረ። በወቅቱ በአገሪቱ የነበሩት የነርቭ ቀዶ ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። የኖርዌዩ በርገን ዩኒቨርሲቲና የሐውክላንድ ሆስፒታል፣ አዲስ አበባ ካለው ኮሪያ ሆስፒታል ጋር ተባብረው ሥልጠናውን አቆሙት። እነ ፕሮፌሰር ክኑት ቬስተርና ሞርተን ሉንድ ዮሃንሰን እየተመላለሱ አስተማሩ። ወጣቶቹ ሐኪሞች አዲስ አበባ ሆነው፣ የአገራቸውን ሕመምተኛ እያከሙ ተመረቁ። ሠልጥነው የጨረሱትም በአገራቸው ሆነው መሥራትና ተከታዮቻቸውን ማስተማር ያዙ። ሰው ልኮ ውጭ ከማስተማር ይልቅ እዚሁ ማስተማር የበለጠ ፍሬ እንደሚሰጥ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ በሕክምናችን ውስጥ አላውቅም።

የሚመጣው ሕመምተኛ ግን ዘግይቶ ነው የሚመጣው። በአዲስ አበባ ቀዶ ጥገና ከሚደረግላቸው የአንጎል ዕጢዎች ብዙዎቹ ሜኒንጂዮማ የሚባሉት፣ ከአንጎሉ ሽፋን የሚነሡ፣ አብዛኛውን ጊዜ ካንሰር ያልሆኑና ለዓመታት ቀስ ብለው የሚያድጉ ናቸው። ዕጢው ሲወጣ ብርቱካን ያህል የሚሆንበት ጊዜ አለ። እንዲህ ያለ ዕጢ ያለባትን አንዲት ሴት እናስብ፤ መጀመሪያ መነጽር ተሰጥቷታል፣ ቀጥሎ ጠበል ተጠምቃለች፣ ምስል የተነሣችው አንዱ ዐይኗ ከጠፋ በኋላ ነው። ቀዶ ሐኪሙ ሕይወቷን ያተርፋል። በሳምንት በአሥር ቀን ስፌቷ ይወጣና አልጋው ለሌላ ይፈለጋል። የመውጫ ወረቀቷ ላይ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ስምና የቀጠሮ ቀን ተጽፎ ይሰጣታል። ቀኝ እጇ አይነሣም። ቃል ፍለጋ ትንተባተባለች። ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ የአስታማሚዋ ጉዳይ ነው።

እዚህ ላይ ተሃድሶ ምን ሊሠራ እንደሚችል መናገር እፈልጋለሁ፤ ሰው ነገሩን ማሻሸት ብቻ ስለሚመስለው።

እንጀራ በቀኝ እጅ ይበላል። ቀኝ እጁ የደከመ ሰው በግራው ቢበላ ራሱ ያፍራል፤ አብሮት ያለውም አይቶ ያላየ ይመስላል። ስለዚህ ብዙዎች ከገበታ ይርቃሉ፤ በሌላ ሰው እጅ እንደ ሕፃን ይጎርሳሉ። ጎበዝ ባለሙያ ግቡን ከዚህ ይጀምራል። መጀመሪያ ቀኝ እጅ ጠረጴዛ ላይ ተደግፎ እንጀራውን ተጭኖ መያዝ ብቻ ይማራል፣ ግራው ይቆርሳል። ቀጥሎ ቀኙ ትንሽ ቁራሽ በአውራና በሌባ ጣት ይይዛል። ከዚያ ወጥ መጥቀስ ይመጣል። በየቀኑ ሦስት ጊዜ ገበታ አለ፤ ልምምዱ ከዚያ የተሻለ ጊዜ አያገኝም። እጁ ካልተመለሰም በግራ መብላት ነውር እንዳልሆነ ለቤተሰቡ የሚነግር ሰው ያስፈልጋል፤ ነጭ ጋውን የለበሰ ሲናገረው ይሰማል።

መነሣትና መቆም ሌላው ነው። ዴክሳሜታዞን ለወራት የወሰደ ሰው የጭኑና የዳሌው ጡንቻ ይሟሽሻል። መራመድ እየቻለ ከዱካ መነሣት ያቅተዋል። ቤተሰቡ ሰነፈ ወይም ተስፋ ቆረጠ ይለዋል። ዱካውን በወንበር መተካት፣ መጸዳጃ ቤቱ ላይ መያዣ እንጨት መምታት፣ በቀን ጥቂት ጊዜ ከወንበር መነሣትና መቀመጥን ማለማመድ የሰውየውን ቀን ይለውጠዋል። ክራንች ማለት ለብዙ ሰው የአካል ጉዳተኛነት ማኅተም ነው፤ ከዘራ ወይም የቤተ ክርስቲያን መቋሚያ ግን የሽማግሌ ክብር አለው። ሚዛኑ ከፈቀደ በከዘራ ይሂድ።

ቀኝ አንጎሉ የተነካ ሰው ደግሞ ከግራው ያለውን ዓለም ይረሳል። ሳህኑ ላይ ያለውን ግማሹን ብቻ በልቶ አልጠገብኩም ይላል፤ መንገድ ሲሻገር ከግራ የሚመጣውን ሚኒባስ አያየውም። ዐይኑ ግን ደህና ነው። ጭንቅላቱን አስቦ ወደ ግራ የማዞር ልማድ ማስያዝ፣ ቤተሰቡም ከግራው በኩል ሆኖ እንዲያነጋግረው ማድረግ ይረዳዋል። የፊተኛው አንጎሉ የተነካ ሰው ባሕርይው ይለወጣል፤ ለምንም ነገር አይነሣሣም ወይም ያልተባለ ነገር ይናገራል። ትዳር የሚፈርሰው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ሚስት ባሏን በሽታ ያዘው ሳይሆን ጠባዩ ከፋ ብላ ታስባለችና። አንድ ጊዜ ቁጭ አድርጎ ይህ የዕጢው ሥራ ነው ብሎ ማስረዳት ከብዙ መድኃኒት ይበልጣል።

ንግግር ያጣ ሰው ነገር ያስገርማል። «ውኃ» ማለት የማይችል ሰው «አባታችን ሆይ» ሲባል አብሮ እስከ መጨረሻው ይደግማል፤ ኮልፌ ብዙ ሙስሊም ወንድሞችና እህቶች ያሉበት ሰፈር ነውና ፋቲሓን ሳይሳሳቱ የሚቀሩ ይኖራሉ። ከልጅነት ጀምሮ ተደጋግሞ በቃል የተያዘ ነገርና ዜማ አዲስ ቃል ከሚፈጥረው የአንጎል ክፍል ውጭም ድጋፍ ስላለው ነው። የንግግር ባለሙያ ይህን እንደ በር ይጠቀምበታል፤ ከዜማው ወደ አጭር ሐረግ፣ ከሐረጉ ወደ ቃል ይሄዳል።

እሳትም አለ። የአንጎል ዕጢ ካለባቸው ሰዎች ብዙዎቹን ይጥላቸዋል፤ ከቀዶ ጥገና በኋላም ሊጥል ይችላል። በአገራችን የሚጥል በሽታ ያለበትን ሰው ከሚያጠፉት ነገሮች አንዱ ምጣድና የከሰል ምድጃ ነው። እሳቱ ፊት እያለች ራሷን የሳተች ሴት ፊቷና እጇ ይቃጠላል። መድኃኒቱን ጠበል ሲገቡ እንዳያቋርጡ፣ እንጀራ መጋገርና ቡና ማፍላት ሌላ ሰው ባለበት እንዲሆን፣ ምድጃው ከመሬት ከፍ እንዲል መምከር የተሃድሶ ሥራ ነው። ጠበሉን አትሂጂ ብሎ መከልከል ግን ሰውን ከሕክምናው ማራቅ ነው፤ ሁለቱም ጎን ለጎን ይሄዳሉ።

ይህ ሁሉ ድካም ዕጢ ላለበት ሰው ይገባዋልን? እ.ኤ.አ. በ1998 አሜሪካ ውስጥ ሑዋንግና ባልደረቦቻቸው 63 የአንጎል ዕጢ ታካሚዎችን ከተመሳሳይ የስትሮክ ታካሚዎች ጋር አነጻጸሩ። ዕጢ ያለባቸው ያገኙት መሻሻል ከስትሮክ ታካሚዎቹ የሚተናነስ አልነበረም፤ ከተሃድሶ ክፍሉም ቀደም ብለው ወጡ፤ አብዛኞቹም ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ስትሮክ የመታውን ሰው ወደ ፊዚዮቴራፒ የሚልክ ሐኪም ዕጢ የወጣለትን የማይልክበት ምክንያት ከዚያ በኋላ አልነበረውም። ግሊዮብላስቶማ የሚባለው ክፉ ዕጢ ያለበት ሰው ዕድሜው አጭር መሆኑ እውነት ነው። እሱም ቢሆን የቀሩትን ወራት ከልጆቹ ጋር በገበታ ቢቀመጥ፣ ራሱ ሽንት ቤት ቢሄድ፣ የአልጋ ቁስል ባይወጣበት ተሃድሶው ሥራውን ሠርቷል። ዲትዝ በ1969 ያሉት ይህንኑ ነው።

ሕጉም በዚህ መሐል መጣ። በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 568 አካል ጉዳተኛ በሥራ ላይ እንዳይገለል፣ አሠሪውም ሥራውን ለእሱ እንዲያመቻችለት ደነገገ። በ2002 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት የተመለከተውን ዓለም አቀፍ ስምምነት አጸደቀች። ሜኒንጂዮማ ወጥቶለት ከሦስት ወር በኋላ ወደ ቢሮው የሚመለስ የሒሳብ ሠራተኛ በግማሽ ቀን እንዲጀምር፣ ከጫጫታው ፈንጠር ብሎ እንዲቀመጥ፣ የሚሠራውን በማስታወሻ እየጻፈ እንዲይዝ ቢጠይቅ ልመና አይደለም፤ አዋጅ አለው። ይህን የሚነግረው ግን ማነው? በቀጠሮው ቀን አምስት ደቂቃ የሚያየው ቀዶ ሐኪም ጊዜ የለውም።

እ.ኤ.አ. በ2017 የዓለም ጤና ድርጅት ተሃድሶ የማንኛውም ጤና አገልግሎት አካል ይሁን የሚል ጥሪ አወጣ፤ በ2023 የዓለም ጤና ጉባኤ ውሳኔ አደረገው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በማስተርካርድ ፋውንዴሽን ድጋፍ ተባብሮ ኦኩፔሽናል ቴራፒን ማስተማር ጀመረ፤ በአገሪቱ የመጀመሪያው ነው። ከላይ የተረክሁት የገበታ፣ የዱካና የምድጃ ሥራ ዋነኛ ባለቤት ይህ ሙያ ነው። የጨረር ሕክምናም ጥቁር አንበሳ ብቻ መሆኑ ቀርቶ ጅማን ወደ መሳሰሉ ከተሞች ደርሷል። የከተማው ቀላል ባቡር ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ጦር ኃይሎች ድረስ ይሄዳል፤ እዚያ የወረደ ሰው ለአለርት በታክሲ ቅርብ ነው።

እንግዲህ ከተማው ያለው ነገር ይህ ነው። ዕጢውን የሚያወጡትና ጨረሩን የሚሰጡት ሆስፒታሎች በሌላ ቦታ ናቸው። የእጅ፣ የእግርና የዐይን ተሃድሶ ረጅሙ ልምድ፣ የጫማና የመደገፊያ ወርክሾፑ፣ የዐይን ሐኪሙና የቆዳ ሐኪሙ ጎን ለጎን ያሉበት ግቢ ደግሞ ኮልፌ ቀራንዮ ነው። በእኔ እምነት የአንጎል ዕጢ ታካሚዎች ተሃድሶ አዲስ ሕንፃ መጠበቅ የለበትም። ፊዚዮቴራፒስት፣ የንግግር ባለሙያ፣ ኦኩፔሽናል ቴራፒስትና ማኅበራዊ ሠራተኛ በሳምንት አንድ ቀን አብረው የሚቀመጡበት አንድ ክፍል ይበቃል። ለጤና መድን አባላትም ይህ ክትትል እንደ ቀዶ ጥገናው ሁሉ ይሸፈንላቸው፤ በወር አራት ጊዜ የታክሲ ገንዘብ አጥተው የሚቀሩ ሰዎች ስላሉ የመጀመሪያው ቀጠሮ አስታማሚውን የሚያሠለጥን ይሁን፣ የቤቱን ልምምድ በወረቀት ሥሎ ይስጠው። ቀዶ ሐኪሙም የመውጫ ወረቀቱን ሲፈርም ከመድኃኒቱ ስም ሥር የተሃድሶውን ቀን ይጻፍ፤ ስፌቱ ከሚወጣበት ሳምንት ባይዘገይ ይመረጣል።